በአዲስ አበባ ቤቶች ስለ ምድጃ አመራረጥ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ ተረት የሚነገረው ስለ ሹማምንት መለዋወጥ እንጂ ስለ ማድ ቤት እንዳልሆነ እናውቃለን። ቢሆንም ቃሉን እንዳለ ወስደን ብንመረምረው ግማሹ እውነት፤ ግማሹ ግን የሚያከራክር ሆኖ እናገኘዋለን። የወጥ ጣዕም ከሽንኩርቱ፤ ከበርበሬውና ከባለሙያዋ እጅ እንጂ ከጉልቻው እንደማይመጣ የታወቀ ነው። ነገር ግን ጉልቻው ሲለወጥ የማገዶው ወጪ አብሮ ይለወጣል፤ የምታበስለው ሴት ዓይንና ሳንባም ወይ ይድናል፤ ወይ ይጎዳል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው፤ በቤት ውስጥ ለማብሰያ ከሚነደው ማገዶ፤ ከሰልና ይህን ከመሰለው ነገር ጭስ የተነሣ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ የምድጃ ነገር ለሴቶች ብቻ ተትቶ የሚታለፍ የጓዳ ወሬ ሳይሆን፤ ተማሪዎችና መምህራን ሊመረምሩት የሚገባ ጉዳይ ነው ብለን እናምናለን።

በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የምንሞክረው፤ በአዲስ አበባ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ከምድጃ ዓይነቶች ለቤቱ የሚስማማውን እንዴት ሊመርጥ እንደሚችል ነው።

፩፤ ከመግዛት በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

ብዙ ሰው ምድጃ ሲገዛ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። እኛ ግን ሦስት ነገሮች ከዋጋ ይቀድማሉ እንላለን። አንደኛው በምድጃው ምን ይበስላል? ሁለተኛው በቤቱ ያሉት ድስቶች ከምን የተሠሩ ናቸው? ሦስተኛው ማድ ቤቱ አየር ያስገባል ወይ፤ የኤሌክትሪኩ ሽቦስ ምን ያህል ጭነት ይችላል?

የኢትዮጵያውያን ማድ ቤት ሥራው ሦስት ነው፤ ይኸውም እንጀራ መጋገር፤ ወጥ መሥራትና ቡና ማፍላት ነው። እነዚህ ሦስቱ የሚፈልጉት ሙቀት እጅግ የተለያየ ነው። ምጣድ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ስፋት ያለው ሸክላ ስለ ሆነ፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል የሚያግል ብርቱ እሳት ይፈልጋል። ወጥ ግን መጀመሪያ ሽንኩርቱ እስኪቁላላ መጠነኛ፤ ኋላም እስኪንተከተክ ለረጅም ጊዜ ዝግ ያለ እሳት ይበቃዋል። ለጀበና ደግሞ ጥቂት ፍም በቂ ነው። ስለዚህ ከውጭ አገር የሚመጣ ምድጃ ምንም ያህል ቢያምር፤ አንዱ ብቻውን ሦስቱን ሥራ ይሠራል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ከሰፊ ምጣድ በታች የተቀመጠ ጠባብ የምድጃ ዓይን መካከሉን አሳርሮ ዳሩን ሊጥ ያስቀረዋል። የእንጀራው ምጣድና የወጡ ምድጃ ተለያይተው መመረጥ ያለባቸው ስለዚህ ነው።

፪፤ ሙቀቱ የት ይሄዳል?

ምድጃዎችን ለማመዛዘን ለሁሉም አንድ ሥራ ሰጥተን እናስላ። ሥራውም ሁለት ሊትር ውሃ ማፍላት ይሁን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፤ በዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላ፤ ሽምብራና የበሬ ሥጋ በቆላ ከሚፈጀው ጊዜ በደጋ የበለጠ የሚፈጀው በዚህ ምክንያት ነው፤ እሳት በማብዛት የሚታረም አይደለም። የፈላ ውሃ የፈለገውን ያህል እሳት ቢነድበት እየተነነ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ለዚህ መድኀኒቱ እንፋሎቱን አፍኖ የሚይዘው የግፊት ድስት ነው፤ በውስጡ ያለው ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚደርስ ጊዜውንም ማገዶውንም ይቀንሳል።

እንግዲህ ሁለት ሊትር ውሃን ከ15 ዲግሪ ወደ 92 ለማድረስ 645 ኪሎ ጁል፤ ማለት 0.18 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ወደ ውሃው መግባት አለበት። ከምድጃው የሚወጣው ሙቀት ግን ሁሉም ድስቱ ውስጥ አይገባም። በሦስት ጉልቻ ላይ ከእንጨቱ ሙቀት ለድስቱ የሚደርሰው ከ100 እጅ 10 ወይም 15 ያህሉ ነው፤ ሌላው ጭስና ነፋስ ሆኖ ይቀራል። በተለመደው የቆርቆሮ ከሰል ማንደጃ 20 ወይም 25 እጅ ይደርሳል። በጋዝ ምድጃ ከ40 እስከ 50፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ ከ70 እስከ 75፤ ኢንዳክሽን በሚባለው ደግሞ 85 ገደማ ነው። በዚህ ስሌት ውሃውን ለማፍላት 300 እስከ 400 ግራም ደረቅ እንጨት፤ ወይም 100 ግራም ያህል ከሰል፤ ወይም 30 ግራም ያህል ጋዝ፤ ወይም በተራው የኤሌክትሪክ ምድጃ 0.24፤ በኢንዳክሽን 0.21 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንባቢያችን አንድ ነገር እንዲያስተውልልን እንለምናለን። ከከሰል 100 ግራም ብቻ ስለሚበቃ ከእንጨት የሚቆጥብ ይመስላል። ከሰል ግን በአፈር ተዳፍኖ በሚከሰልበት በአገራችን ልማድ፤ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይጠፋል። ስለዚህ ያ 100 ግራም ከሰል በጫካው ዘንድ ከ500 እስከ 1,000 ግራም እንጨት ነበረ ማለት ነው። በከተማ ቤት ውስጥ ጭሱ ባይታይም፤ ጭሱም የዛፉም መጥፋት በገጠር ቀርቶልናል።

፫፤ የምድጃዎች ዓይነትና ጠባይ

ሀ፤ ማገዶና ከሰል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን ሁለት የተሻሻሉ ምድጃዎች ወጥተዋል። አንደኛው ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ነው፤ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተቀርጾ ምጣዱን ዙሪያውን ይከልላል፤ በአግባቡ ከተያዘም ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚሆን ማገዶ ይቆጥባል። ሁለተኛው ላቀች ነው፤ በኬንያ ጂኮ ከሚባለው የተወሰደ፤ ቆርቆሮው በውስጡ ሸክላ የለበሰ የከሰል ማንደጃ ነው።

ስለ ከሰል ግን በብርቱ ማሳሰብ የሚገባን ነገር አለ። ብዙ ሰው ከሰሉ ጭሶ ጭሶ ፍም ሲሆን አደጋው ያለፈ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከቀላው ፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ወደ ደም ሲገባም የኦክስጅንን ስፍራ ይይዛል፤ ከደም ጋር የመጣበቅ ኀይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣልና። ራስ ምታት፤ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ምልክቶቹ ናቸው። በክረምት ብርድ ምክንያት ማንደጃውን ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ በሩን ዘግቶ የተኛ ቤተሰብ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከሰል የሚነድበት ስፍራ በርና መስኮቱ የተከፈተ መሆን አለበት፤ ማንደጃውም ሰው ከመተኛቱ በፊት ወደ ደጅ ይውጣ።

ለ፤ ነጭ ጋዝ። በክር ወይም በፓምፕ የሚሠራው የነጭ ጋዝ ምድጃ ለመግዛት ርካሽ ነው፤ ሆኖም ጥላሸቱና ሽታው ብዙ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ነጭ ጋዝ በቤት ውስጥ እንዳይነድ መክሯል። ከዚህም ሌላ በነጭ ጋዙ ውስጥ ጥቂት ቤንዚን እንኳ ከተቀላቀለበት ምድጃው ሊፈነዳ ይችላል። እኛ ይህን ዓይነት ምድጃ ለማንም አንመርጥም።

ሐ፤ ሲሊንደር ጋዝ። ለወጥ ሥራ ከሁሉ ይልቅ ታዛዥ የሆነው ይህ ነው፤ እሳቱ ወዲያው ይበረታል፤ ወዲያውም ይቀንሳል፤ የሸክላውንም የብረቱንም ድስት ይቀበላል፤ መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም። ነበልባሉ ሰማያዊ ከሆነ መልካም ነው፤ ቢጫ ሆኖ ድስቱን ካጠቆረ ግን አየር አንሶታልና መጽዳት ወይም መስተካከል አለበት። ጋዙ ከአየር የሚከብድ ስለ ሆነ ካፈተለከ ወለሉ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ፤ ከወለል አጠገብ አየር በሚወጣበት ስፍራ ይቀመጥ። ማፍሰሱ የሚመረመረው በሳሙና አረፋ እንጂ በክብሪት አይደለም። ሽታ ከተሰማ የመብራት ማብሪያ ሳይነኩ ሲሊንደሩን ዘግቶ በሩን መክፈት ያስፈልጋል።

መ፤ ተራ የኤሌክትሪክ ምድጃ። በውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል ግሎ የብረቱን ሳህን ያሞቃል። ለመጋል ይዘገያል፤ ለመቀዝቀዝም እንዲሁ። ልማዱን ያወቀች ሴት ግን ወጡ ሊበስል ጥቂት ሲቀረው አጥፍታ በቀሪው ሙቀት ትጨርሳለች። የድስቱ ቂጥ ጠፍጣፋ ካልሆነ፤ ወይም ከሳህኑ ካነሰ ግን ብዙ ሙቀት በከንቱ ይባክናል።

ሠ፤ ኢንዳክሽን። ይህ ምድጃ ራሱ አይግልም። ከመስተዋቱ በታች ያለው ጥቅል በፍጥነት የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ ኀይል ይፈጥራል፤ ይህም በድስቱ ብረት ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት አስነሥቶ ድስቱን ራሱን ያግለዋል። 2,000 ዋት ያለው ምድጃ ከዚህ በላይ ያሰላነውን ሁለት ሊትር ውሃ በ6 ደቂቃ ከግማሽ ባልሞላ ጊዜ ያፈላል፤ ጭስም ነበልባልም የለውም። ጉድለቱ ማግኔት የማይስበውን ዕቃ አለመቀበሉ ነው። የአሉሚኒየም ድስት፤ የሸክላ ድስትና ጀበና አይሠሩበትም። ስለዚህ ለመግዛት ያሰበ ሰው አንድ ትንሽ ማግኔት ይዞ በቤቱ ያሉትን ድስቶች ቂጥ አስቀድሞ ይፈትን። ካልተጣበቀ የምድጃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የአዲስ ድስቶችም ዋጋ ከሒሳቡ ይግባ።

፬፤ የኤሌክትሪክ ምጣድና ሽቦው

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከቤት ዕቃዎች ሁሉ እጅግ ብዙ ኀይል የሚወስድ ነው። የአብዛኛው ጭነት ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይደርሳል። ይህን ለ220 ቮልት ብናካፍለው ከ16 እስከ 18 አምፔር ይሆናል። ለመብራት የተዘረጋ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይህን ጭነት አይችልም፤ ይግላል፤ ሽፋኑ ይቀልጣል፤ ቤትም ያቃጥላል። ስለዚህ ምጣድ ከቆጣሪው ሳጥን የሚነሣ ለራሱ ብቻ የሆነ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፤ የራሱ ማቋረጫና የመሬት መስመር ያስፈልገዋል። በማራዘሚያ ገመድ ምጣድና ምድጃን አንድ ላይ መሰካት እጅግ አደገኛ ነው።

ሌላው ነገር ሸክላው ራሱ ለመጋል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መፍጀቱ ነው። ሁለት እንጀራ ብቻ ለመጋገር ምጣዱን ማጋል ቤት ለማሞቅ እንደ መክፈል ይቆጠራል። የሳምንቱን እንጀራ በአንድ ጊዜ መጋገር፤ ወይም ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ምጣድ ተከታትለው መጋገራቸው ወጪውን በብዙ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ በደረጃ ከፍ የሚል ስለ ሆነ፤ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ብዙ ተከራዮች ሳያውቁት በከፍተኛው ደረጃ ይከፍላሉ።

፭፤ ለየትኛው ቤት የትኛው ምድጃ?

በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ቤተሰብ ማድ ቤቱ ጠባብ፤ መኝታውም አጠገቡ ስለ ሆነ ከሰልና ማገዶ ፈጽሞ አይስማማም። ለወጥ ኢንዳክሽን ወይም ተራ የኤሌክትሪክ ምድጃ፤ መብራት ለሚጠፋበት ቀን አንድ ዓይን ያለው የጋዝ ምድጃ፤ ለእንጀራ ደግሞ የራሱ ሽቦ ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ይበቃዋል።

ሰፊ ግቢና ለብቻው የቆመ ማድ ቤት ያለው ቤተሰብ፤ እንጀራውን በምርጥ ምድጃ ሊጋግር ይችላል፤ ጭስ መውጫ ግን ይሥራለት። ወጡን በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ቢያደርገው ማገዶውን ለምጣዱ ብቻ ያውለዋል።

በአንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖርና የቤቱ ባለቤት ምጣድ የከለከለው ሰው፤ እንጀራውን ከገበያ ቢገዛ ይሻለዋል። ለወጥ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይበቃዋል። ቡናውን በከሰል ማፍላት ከወደደ ደጅ ላይ ያፍላ።

ኤሌክትሪክን ስንመርጥ አገራችን ያላትን ሀብትም አስበናል። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ ነው። ጋዝ በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ ሲመጣ፤ ኤሌክትሪክ ግን ከወንዞቻችን ይገኛል። ሆኖም የግድቡ ኀይል ለእናቶቻችን የሚጠቅመው በየሰፈሩ ያለው ሽቦና ትራንስፎርመር ምጣዱን መሸከም ሲችል ነው።

በመጨረሻ የምንለው አንድ ነገር ነው። በብዙ ቤት ምድጃ የሚገዛው አንድ፤ ጭሱን የምትውጠው ሌላ ናት። አባወራው በገበያ ዋጋ ተከራክሮ ርካሹን ይዞ ይመጣል፤ በዚያ ምድጃ አጠገብ ግን በቀን ሦስትና አራት ሰዓት የምትቀመጠው እናት፤ ሚስት ወይም የቤት ሠራተኛ ናት፤ ብዙ ጊዜም ሕፃን በጀርባዋ አዝላ። ስለዚህ የምድጃ ግዢ ከመፈጸሙ በፊት መጀመሪያ የምትጠየቀው እርሷ ትሁን። ድስቱን፤ ሽቦውንና የአየሩን መውጫ ከእርሷ ጋር የመረመረ ቤተሰብ፤ ወጡ ባይጣፍጥለት እንኳ ጤናውንና ገንዘቡን ያተርፋል።