ጠፍሩን አትፍቱት

በመተማና በቋራ ቆላ ለቅርስ ምዝገባ ስዞር፣ የአያቱን ጠመንጃ ከጓዳ አውጥቶ የሚያሳየኝ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ያወጣል?» ብሎ ነው። አስከትሎም «ባሳድሰው ዋጋው ይጨምር ይሆን?» ይለኛል። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ብዙ ነገር ይፈልጋል፤ የሁለተኛው ግን አጭር ነው። አይጨምርም። አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል።

ይህን ስናገር ብዙዎች ይገረማሉ፤ ቤት ሲታደስ ዋጋው ሲያድግ አይተዋልና። ከአሮጌ ጠመንጃ ግን ሙዚየሙም፣ ተመራማሪውም፣ ሰብሳቢውም የሚፈልጉት ማስረጃውን ነው፦ ፋብሪካው የቀረጸውን ምልክት፣ የመለያ ቁጥሩን፣ የእንጨቱን የቆየ ቀለም፣ ለዓመታት እጅ ያለሰለሰውን ቦታ። ሞረድና ብርጭቆ ወረቀት ቀድመው የሚበሉት ደግሞ እነዚህኑ ነው።

የእኛ ቆላ በዚህ ረገድ ሀብታም ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ ደርቡሾችን ሲገጥሙ፣ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ከግብፅ ጦር የተማረኩት ሬሚንግተኖች ከታጠቋቸው መሣሪያዎች መካከል ነበሩ። ከአድዋ በኋላ ደግሞ የጣሊያን ቬተርሊ በአገሩ ተበተነ። ውጅግራው፣ ምንሽሩ፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ከቤልጅግ የተገዛው ማውዘርም አለ፤ ከማውዘሮቹ በአንዳንዶቹ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጿል። በየቤቱ የማያቸው መሣሪያዎች አብዛኞቹ ለጦርነት ተሠርተው ኋላ ለአደን የዋሉ ናቸው። ስለዚህ ፈጽሞ ያልተነካ ጠመንጃ ማግኘት ብርቅ ነው። ያገኘሁት ሁሉ አንድ ለውጥ አለበት፤ ሥራዬም ለውጥን ከለውጥ መለየት ነው።

አንደኛው ዓይነት ለውጥ የመንግሥታት ነው። ሰናድርን እንግሊዞች የሠሩት በአፈሙዝ ይጎርስ የነበረውን የኤንፊልድ ጠመንጃ ከኋላ እንዲጎርስ አድርገው በመቀየር ነው፤ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የናፒየር ጦርም ይዞት መጥቷል። ጣሊያኖችም አንድ ጥይት ብቻ ይጎርስ ለነበረው ቬተርሊ እ.ኤ.አ. በ1887 አራት ጥይት የሚይዝ ካዝና ጨመሩለት። እንዲህ ያለው ለውጥ ማኅተምና ዘመን ስላለው ዋጋ አያጎድልም፤ እንዲያውም ራሱን የቻለ ዓይነት ሆኖ ይፈለጋል።

ሁለተኛው የተጠቃሚው ጥገና ነው። የተሰነጠቀ ሰደፍ በእርጥብ ጠፍር ይጠቀለላል፤ ጠፍሩ ሲደርቅ ይጠብቃል። የላላ እንጨት በሽቦ ይታሰራል፣ በሚስማር ይያዛል። በሽንፋ አቅጣጫ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት ውጅግራቸውን ሲያሳዩኝ ሰደፉ አንገቱ ላይ በጠፍር ታስሮ ነበር።

«አባባ፣ ይህን ማን አሰረው?» አልኳቸው።

«አባቴ። ጎሽ ሲከተል ወድቆ ተሰበረበት። ልጄ ግን አምሮ ይታይ ብሎ አናጢ አናግሯል።»

«እባክዎ አያስፈቱት። ጠፍሩን የጠቀለሉት አባትዎ ናቸው፤ አናጢው የሚተካልዎት እንጨት ግን የማንም አይደለም።»

ሦስተኛው ለውጥ ይኸው ልጁ ያሰበው ነው፤ ለዓይን ወይም ለሽያጭ ሲባል የሚደረግ። እንጨቱ ተፍቆ ቫርኒሽ ይቀባል፣ ብረቱ እስኪያበራ ይፈገፈጋል፣ አፈሙዙ ይቆረጣል፣ ማቀባበያው ከሌላ ጠመንጃ ይመጣል። አንበሳው በሞረድ የጠፋበት ማውዘር የማን ሠራዊት እንደነበር የሚናገርበት ምልክት የለውም።

ሌላውም ዓለም ይህን የተማረው በኪሳራ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካውያን አዳኞች በርካሽ የገዙትን ማውዘርና ስፕሪንግፊልድ አሳጥረው፣ እንጨቱን ቀርፈው፣ ለመነጽር ማሰሪያ ብረቱን በስተው ለአደን አመቻቹት። በዘመኑ ማሻሻል ይባል ነበር። ዛሬ በሰብሳቢዎች ገበያ ያልተነካው ብዙ ጊዜ ከተቆረጠው በእጥፍና ከዚያም በላይ ይሸጣል። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘን ወጥተው አሜሪካ የገቡ አሮጌ ጠመንጃዎችም የአገራችንን ምልክት በመያዛቸው የሚፈልጓቸው አሉ።

ለባለቤቶች የምሰጠው መለኪያ ቀላል ነው፦ ያደረጋችሁትን መመለስ ትችላላችሁ? ማንገቻ ቢቀየር የድሮው ተቀምጦ ይመለሳል። የተቆረጠ አፈሙዝ አይቀጠልም፤ የተፋቀ ቁጥር አይነበብም። የማይመለስ ነገር ከማድረግ በፊት መጠየቅ ይሻላል። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግና ከእርጥበት ማራቅ ግን ማንም ሊያደርገው ይችላል። የወለቀ ቁራጭ ቢኖር፣ ትንሽም ቢሆን፣ አይጣል።

ሕጉም መዘንጋት የለበትም። መሣሪያ መያዝና ማስተላለፍ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይገዛል። ቅርስ የሆነን ነገር ለመጠገን በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ ያለፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። «ስንት ያወጣል?» ለሚለው መልሴ የሚረዝምበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላው ምክንያት ይበልጥ ያሳስበኛል። ከሰማንያ ዓመት በፊት ለቁጥቋጦ እንዲመቸው አፈሙዙን ያሳጠረ የቆላ አዳኝ ታሪክ ትቶልናል፤ አምና ለገበያ ብሎ የቆረጠው ታሪክ አጥፍቷል። ሁለቱ የተቆረጡ ጠመንጃዎች ግን የሚናገርላቸው ሰው ሲጠፋ ተመሳሳይ ይሆናሉ፤ ገምጋሚውም ሁለቱንም ባነሰው ዋጋ ይመዝናቸዋል። ጠፍሩም ቢሆን ማን እንዳሰረው ካልታወቀ የተሰበረ ሰደፍ ማሰሪያ ብቻ ነው። የአዛውንቱ ውጅግራ ከሌላው የሚበልጠው የጎሹ አደን ከአንደበታቸው ስለተሰማ ነው።

ስለዚህ ስመዘግብ ከመለያ ቁጥሩና ከርዝመቱ ቀጥሎ አራት ጥያቄ በእጄ እጨምራለሁ፦ የተለወጠው ምንድን ነው፣ ማን ለወጠው፣ መቼ፣ ለምን? ጠመንጃ የወረሳችሁ የቆላ ልጆችም ይህንኑ አባቶቻችሁን ዛሬ ጠይቁ፤ መልሱን በስማቸው ጻፉና ከመሣሪያው ፈቃድ ጋር አኑሩት። ለአናጢ ከምትከፍሉት ገንዘብ ይልቅ የጠመንጃውን ዋጋ የሚያስጠብቀው ያ ወረቀት ነው።