ዲናር፦ የሮም የብር ገንዘብ

ለቄሣር ግብር ይከፈል ወይስ አይከፈል ተብሎ ክርስቶስ በተጠየቀ ጊዜ ያቀረቡለት ገንዘብ በወንጌል ዲናር ተብሎ ተጽፏል። እርሱም መልሶ የጠየቃቸው መልኩና ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ ነው። የሮምን ሳንቲም ለማወቅ የሚፈልግም ከዚሁ ጥያቄ ይነሣል።

ዲናር መሠራት የጀመረው ሮም ከካርቴጅ ጋር በምትዋጋበት ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 ገደማ ነው። ያኔ ክብደቱ አራት ግራም ተኩል ያህል ሲሆን፣ ብሩም ንጹሕ ለመባል የቀረበ ነበር። ሠራተኛው ጠፍጣፋውን ብር በሁለት የተቀረጹ ማኅተሞች መካከል አስገብቶ በመዶሻ ይመታዋል። ሥራው የእጅ ስለሆነ ምስሉ ወደ አንድ ወገን የሸሸበት ሳንቲም ብዙ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዲናሮች ፊት ላይ የራስ ቁር የደፋች ሮማ የተባለችው አምላክ ትታያለች፤ በጀርባው መንትዮቹ ካስቶርና ፖሉክስ ፈረስ ይጋልባሉ። ቆይቶ ገንዘብ የማሠራት ሹመት የተሰጣቸው ወጣት መኳንንት የአያቶቻቸውን ገድል ያስቀርጹበት ጀመር። በሕይወት ያለ ሰው መልክ ግን በሮም ከተማ በተሠራ ገንዘብ ላይ አይወጣም ነበር። ይህን ልማድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዩልዮስ ቄሣር ሻረው። በዚያው ዓመት መጋቢት አጋማሽ ላይም ተገደለ።

ከገዳዮቹ አንዱ ብሩቱስ ከሁለት ዓመት በኋላ ለሠራዊቱ ያሠራው ዲናር እጅግ የታወቀ ነው። በጀርባው ሁለት ጩቤዎች ቆመዋል፤ በመካከላቸው ከባርነት ነጻ የወጣ ሰው የሚደፋው ቆብ አለ፤ ከሥር ቄሣር የተገደለበት ዕለት ተጽፏል። ማንበብ የማይችል ወታደርም መልእክቱ ይገባዋል፦ በጩቤ ነጻነት ተገኘ። ሳንቲሙን ገልበጥ ሲያደርጉት ግን የሚታየው የራሱ የብሩቱስ መልክ ነው። ቄሣርን የገደለው ሰው የቄሣርን ልማድ ወረሰ።

ከአውግስጦስ ጀምሮ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ ከሳንቲሙ ፊት አልጠፋም። ብሩ ግን እየሳሳ ሄደ። ኔሮን እ.ኤ.አ. በ64 ክብደቱንም ጥራቱንም ቀነሰ፤ በሴፕቲሚዩስ ሴቬሩስ ዘመን ብሩ ወደ ግማሽ ወረደ። በ270 ገደማ ዲናርን የተካው ገንዘብ ላዩ ብቻ በስሱ ብር የተለበጠ መዳብ ሆኖ ነበር። በእነዚያው የችግር ዓመታት ጽሕፈቱ ድልን፣ ሰላምንና ጥጋብን ማወጁን አላቆመም።

ምስሉ ገዢው እንዲታመንለት የፈለገውን ይናገራል፤ ብሩ ደግሞ የግምጃ ቤቱን እውነት ያወጣል። ስለዚህ የሮምን ታሪክ ከሳንቲሟ የሚያነብ ሰው ከማጉያ መነጽሩ ጋር ሚዛንም ይያዝ።