ለዘር ድመት ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት

እንግሊዝ አገር ውስጥ «ሙሉ ወረቀት ያላት» ተብላ ለምትሸጥ የድመት ግልገል ወረቀቱ የሚመሰክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እናትና አባቷ እነማን እንደሆኑ። ጤነኛ መሆኗንም ሆነ ወደፊት የምታስወጣውን ገንዘብ አይናገርም።

ሁለቱ ወረቀቶች

የመጀመሪያው የዘር ሐረግ ሰንጠረዥ ነው። የወላጆቿን፣ የአያቶቿንና የቅድመ አያቶቿን ስም ይዘረዝራል፤ ማንም ሰው ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊያትመው ይችላል። ሁለተኛው ምዝገባው ነው። በብሪታንያ ዋነኛው መዝጋቢ እ.ኤ.አ. በ1910 የተመሠረተውና ጂሲሲኤፍ በሚል ምህጻር የሚታወቀው ምክር ቤት ነው፤ ቲካ የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበርም ይመዘግባል። ሰንጠረዡ ክብደት የሚኖረው የምዝገባ ቁጥር ሲኖረው ስለሆነ ቁጥሩን ተቀብለው መዝጋቢውን ይጠይቁ። አንድ ሻጭ ጆሮዋ የታጠፈ ስኮቲሽ ፎልድ አቅርቦ «የጂሲሲኤፍ ወረቀት አላት» ካለዎት አይመኑት። ጆሮውን የሚያጥፈው ዘረመል መገጣጠሚያዎችንም ስለሚጎዳ ምክር ቤቱ ያንን ዝርያ አይመዘግብም።

ምዝገባው ራሱ ሁለት ደረጃ አለው። ለቤት እንስሳነት የሚሸጡት አብዛኞቹ «ለማራባት ያልተፈቀደ» በሚለው ሥር ይገባሉ፤ ብትወልድም ልጆቿ አይመዘገቡም። ማራባት ካሰቡ ገና ሲጀምሩ ይናገሩ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ የአርቢው ፈቃድም ያስፈልጋል።

ድመቷን ከተረከቡ በኋላም ምዝገባውን ወደ ስምዎ ለማዞር ለመዝጋቢው አነስተኛ ክፍያ ይፈጽማሉ። የማይክሮቺፑ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። ከሰኔ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በእንግሊዝ ማንኛውም የቤት ድመት 20 ሳምንት ሳይሞላት ቺፕ ሊደረግላትና አድራሻዋ ሊመዘገብ ይገባል፤ ትእዛዙን ያላከበረ ባለቤት እስከ 500 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። አንዱን ማዛወር ሌላውን አያዛውርም።

«ያለ ወረቀት ከሆነ እቀንሳለሁ»

አንዲት ግልገል ማስመዝገብ አርቢውን ከዋጋዋ አንጻር እዚህ ግባ የማይባል ገንዘብ ነው የሚያስከፍለው። ቅናሹ በመቶዎች ፓውንድ ከሆነ የተቆጠበው የወረቀቱ ወጪ አይደለም። የወላጆቿ ምርመራ ወይም የእሷ ክትባት ቀርቶ ይሆናል፤ አለዚያም እናቷ ለማራባት ያልተፈቀደች ናት።

ምርመራው እንደ ዝርያው ይለያያል። ፋርስ ድመት ላይ በዘር የሚተላለፍ የኩላሊት ሕመም፣ ሜይን ኩን ላይ የልብ ጡንቻ መወፈር፣ ስሟን ከአገራችን የወሰደችው አቢሲኒያ ላይ ደግሞ የደም ማነስና ዓይነ ስውርነት የሚያስከትሉ ዘረመሎች ይታያሉ። የሁለቱንም ወላጆች የላቦራቶሪ ውጤት በጽሑፍ ይጠይቁ። ለሜይን ኩን የወላጆቹን የልብ አልትራሳውንድም ይጨምሩ፤ የዘረመል ምርመራው ሁሉንም የልብ ሕመም አያገኝምና።

ዋጋው ውስጥ የሌለው ወጪ

የጂሲሲኤፍ መመሪያ ግልገሏ ክትባቷን ጨርሳ ከ13 ሳምንት በኋላ እንድትሄድ ይላል። «በ8 ሳምንቷ ውሰዳት» የሚል ሻጭ የክትባቱን ወጪ ወደ እርስዎ እያሸጋገረ ነው። ካልተደረገላት ማምከኑም የእርስዎ ነው፤ ውሉ የሚጠይቀውን ቀነ ገደብ ያንብቡ። የየዓመቱ ክትባት፣ የቁንጫና የወስፋት መድኃኒት፣ የመጸዳጃ አሸዋ አያቋርጡም። አዲስ አበባ ለበዓል ሲሄዱ ለድመት ማቆያ በየቀኑ ይከፍላሉ።

ኢንሹራንስ ሲገቡ ሁለት ነገር ይዩ፦ ከኪስዎ ቀድመው የሚሸፍኑትን መጠንና ዓመታዊ ጣሪያውን። ከመግባትዎ በፊት የታየ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ አይሸፈንም። አርቢው የሚሰጥዎ የጥቂት ሳምንት ነጻ ሽፋን ሲያበቃ ክፍተት እንዳይፈጠር የራስዎን ቀድመው ይጀምሩ።

ገንዘብ ከመላክዎ በፊት ቤታቸው ሄደው ግልገሏን ከእናቷ ጋር ይዩ። ከሚያዝያ 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በእንግሊዝ ነጋዴዎች ያላረቡትን ከ6 ወር በታች የሆነ ግልገል መሸጥ ተከልክሏል። ቀብዱ የሚመለስበትን ሁኔታ፣ የምዝገባውን ደረጃና ዋጋው የሚያካትተውን ሁሉ ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ። ይህን ለመጻፍ ያመነታ ሻጭ ጋር ቀብድዎን አይተዉ።