ትዝታ ሕመም ነው ወይስ መድኃኒት?

ቡና ሲፈላ አገር ቤት ትዝ የማይለው ማን አለ? የአምቦበር መንገድ፣ የወንዙ ውኃ፣ በሱዳን በረሃ የቀሩት ወገኖቻችን ከቡናው ሽታ ጋር ይመጣሉ። ልጆች ግን «እማዬ፣ ያለፈውን ተዪው፣ ያሳምምሻል» ይላሉ።

እንዲህ ያሰቡት እነሱ ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የስዊስ ሐኪም የአገር ናፍቆትን እንደ በሽታ ጽፎት ነበር። በ1963 ግን አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት በትለር፣ አረጋዊ ያለፈ ሕይወቱን መለስ ብሎ ማየቱ የመጃጀት ምልክት ሳይሆን ተፈጥሯዊ ነው ሲል አስረዳ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶችም ትዝታ ብቸኝነትን እንደሚያቀል፣ ለኑሮ ትርጉም እንደሚሰጥ አሳይተዋል።

ቁም ነገሩ አያያዙ ላይ ነው። ለብቻ ሲብሰለሰሉበት ያከሳል፤ ለሰው ሲያወሩት ይቀላል። ስለዚህ የልጅ ልጆችዎን ቡናው ዘንድ ያስቀምጧቸው። አማርኛው ካልገባቸው እናታቸው በዕብራይስጥ ታስረዳቸው። በመንገድ የቀሩትንም በስማቸው እየጠሩ ይንገሯቸው።

እንቅልፍና ምግብ የሚነሳ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያስለቅስ ከሆነ ግን ነገሩ ትዝታ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ለቁፓት ሆሊም ሐኪምዎ ሳያፍሩ ይንገሩ። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ መቻል የወላጆቻችን ጠባይ ነው፤ ሆድም ግን ልክ አለው።