የፈራ ዘንዶ እንዴት ይለምዳል?

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው፤ እባብ ያስፈራል። ግን እባቡስ እኛን ሲያይ ምን ይሆናል? እሱም ይፈራል። ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንድ ፈሪ ዘንዶ ነው።

ይህ ዘንዶ ያገራችን አይደለም። በብዛት የሚገኘው በምዕራብ አፍሪካ ነው። ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን ወደ ውጭ አገር ይሸጣል። የሳይንስ ስሙ ፓይተን ሬጂየስ ነው። «ሬጂየስ» በላቲን ቋንቋ «ንጉሣዊ» ማለት ነው። ስለዚህ እኛም ንጉሣዊ ዘንዶ እንበለው።

ንጉሣዊ ዘንዶ ትልቅ አይደለም። ከእንቁላል ሲወጣ ከአንድ ክንድ ያጥራል። ሲያድግ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ተኩል ይሆናል። መርዝ የለውም። አይጥ ይይዛል፤ ተጠምጥሞ ይገድላል፤ ሳያኝክ ይውጣል።

በቤኒን አገር ዊዳ በምትባል ከተማ ሰዎች ይህን ዘንዶ ያከብሩታል። የዘንዶዎች ቤትም ሠርተውለታል። ሰው ቤት ቢገባ አይገድሉትም። በእጃቸው ቀስ አድርገው አንስተው ይመልሱታል። በአሜሪካና በአውሮፓ ደግሞ ብዙ ሰዎች እኛ ድመት እንደምናሳድገው በቤታቸው ያሳድጉታል። ይገርማል እኮ!

ታዲያ ግልገሉ ዘንዶ አዲስ ቤት ሲገባ በጣም ይፈራል። ለምን ቢባል፣ በዱር ሳለ አሞራ ከላይ ወርዶ ይነጥቀዋል። የሰው እጅም ከላይ ሲመጣበት እንደ አሞራ ጥፍር ነው። ስለዚህ ራሱን በመካከል ደብቆ እንደ ኳስ ይጠቀለላል። ወይም አንገቱን እንደ ማጭድ ቆልምሞ «ሽሽ» ይላል፤ ተወርውሮም ይነክሳል። ይህ ክፋት አይደለም። ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ካልበረደለት ምግብ ይተዋል። ግልገል ብዙ ጊዜ ካልበላ ይከሳል፤ ሊሞትም ይችላል። እንግዲህ እሱን ማልመድ ማለት ነፍሱን ማዳን ማለት ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ይተዉት። በመጀመሪያው ሳምንት አይነኩትም። በሳጥኑ ውስጥ ሁለት መደበቂያ ያደርጉለታል፤ አንዱን በሞቃቱ በኩል፣ አንዱን በቀዝቃዛው በኩል። ሞቃቱ 32፣ ቀዝቃዛው 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይሆናል። ውኃም ያኖሩለታል። ተረጋግቶ ከበላ በኋላ ሥራው ይጀመራል።

ሁለተኛ፣ እጅን መታጠብ ነው። ዘንዶ ሽታን የሚለየው በምላሱ ነው። እጅ አይጥ አይጥ ከሸተተው ምግብ ይመስለዋል። ከያዙት በኋላም በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። በእባብ ሰውነት ላይ ሳልሞኔላ የሚባል፣ ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል።

ሦስተኛ፣ አያያዙን ማወቅ ነው። ከላይ አይመጡበትም፤ ከጎን ይቀርቡታል። ራሱንና ጅራቱን ትተው ወገቡን ይነኩታል። ከዚያ በሁለት እጅ ከሥር ደግፈው ያነሱታል። አያጠብቁበትም። ከእጅ ወደ እጅ እንደ ልቡ እንዲሄድ ይለቁታል።

አራተኛ፣ ጊዜ መስጠት ነው። መጀመሪያ 5 ደቂቃ ይበቃል፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ። እየለመደ ሲሄድ ወደ 10 እና 15 ደቂቃ ከፍ ይላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህም ይሠራል። ነገር ግን ከበላ በኋላ ሁለት ቀን አይነኩትም፤ የበላውን ሊያስመልሰው ይችላል። ቆዳውን ሊቀይር ሲል ዓይኑ እንደ ወተት ይደፈርሳል። ያን ጊዜ በደንብ አያይም፤ ስለዚህ ይተዉታል።

ቢነክስስ? አይጮኹበትም፤ አይመቱትም። ጥርሶቹ ትንንሽ ናቸው፤ ወደ ውስጥም የታጠፉ ናቸው። እጅን በድንገት መጎተት ቁስሉን ያብሳል። ዝም ብለው እስኪለቅ ይጠብቃሉ። ሲረጋጋ ወደ ቤቱ ይመልሱታል።

መልመዱ በምን ይታወቃል? እጅ ሲቀርበው አይጠቀለልም። አንገቱን አይቆለምምም። ምላሱን ቀስ እያለ ያወጣል፣ ያስገባል። ውሻ ጌታውን እንደሚወድ ይወዳል ማለታችን ግን አይደለም። «ይህ እጅ አይጎዳኝም» ብሎ የለመደ ያህል ነው እንጂ። ወይፈን ያቀና ገበሬ ይህን ያውቀዋል። ዱላ የበዛበት ወይፈን ቀንበር ባየ ቁጥር ይደነብራል። በእርጋታ የተያዘው ግን አንገቱን ይሰጣል።

ይህ ሁሉ ድካም ለስንት ቀን ነው ትሉ ይሆናል። ንጉሣዊ ዘንዶ በሰው እጅ 20 እና 30 ዓመት ይኖራል። በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ የእንስሳት ማቆያ እ.ኤ.አ. በ1961 የገባች አንዲት ዘንዶ ነበረች። በ2020 ከ60 ዓመት በላይ ሆኗት ሳለ 7 እንቁላል ጣለች! ስለዚህ የጥቂት ሳምንት ትዕግሥት ለብዙ ዓመት ይጠቅማል።

አንድ ነገር ግን አደራ እንላችኋለን። ባገራችን ቆላ የሚገኘው ዘንዶ ሌላ ነው። በአፍሪካ ትልቁ እባብ ነው፤ ከ5 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ጉልበቱም ብርቱ ነው። እፉኝት ደግሞ መርዝ አለው። እነዚህን በዱር ብታዩ አትንኩ፤ ድንጋይም አትወርውሩ። ራቅ ብላችሁ መንገዱን ልቀቁለት። ለፈራ እባብ ከዚህ የሚሻል እርጋታ የለም።

ለውይይት፦
1. ግልገሉ ዘንዶ የሰው እጅ ከላይ ሲመጣበት ለምን ይፈራል?
2. በናንተ ቤት ወይፈን ወይም በቅሎ የሚለምደው እንዴት ነው? ለጓደኞቻችሁ ንገሩ።