በመኝታ ፉርጎ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ለሚጓዙ መንገደኞች የተሰጠ ማብራሪያ

የኢትዮ-ጅቡቲ የምድር ባቡር መስመር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝምና በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራ ሲሆን፣ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ባቡሩ ከለቡ ጣቢያ ተነሥቶ በአዳማ፣ በአዋሽና በድሬዳዋ በኩል ያልፋል፤ መተሐራ አካባቢ የበሰቃ ሐይቅና የፈንታሌ ተራራ በመስኮት ይታያሉ።

መኝታዎቹ ከታች ወደ ላይ ተደራርበው የተሠሩ ናቸው። ወደ ላይኛው የሚወጣው በመሰላል ስለሆነ፣ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት የያዙ መንገደኞች ትኬት ሲቆርጡ የታችኛውን እንዲጠይቁ ይመከራል።

ጅቡቲ የሚገባ መንገደኛ ድንበር ስለሚሻገር የፀና ፓስፖርት ሊኖረው ይገባል፤ የቪዛ ጉዳይንም አስቀድሞ ያጣራ። በትኬቱ ላይ የተጻፈው ስም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ መሆኑን ከትኬት መስኮቱ ሳይርቁ ያረጋግጡ። ጣቢያዎቹ ከከተማ መሐል ራቅ ያሉ በመሆናቸው፣ ከቤትዎ ቀደም ብለው ይነሡ።