የሰውነት እንቅስቃሴ ከጤናነት አልፎ ግዳጅ ሲሆን

የሰውነት እንቅስቃሴ ለጤና የሚሰጠው ጥቅም ከማንም የተሰወረ አይደለም። ልብን ያጠነክራል፤ መልካም እንቅልፍ ያስገኛል፤ የአሳብንም ጭንቀት ያቃልላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ አካለ መጠን የደረሰ ሰው በየሳምንቱ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ መክሯል። ነገር ግን ማርም ሲበዛ ይመራል እንደሚባለው፥ ይኸው መልካም ነገር ወደ ጉዳት የሚለወጥበት ጊዜ አለ። ይህም አብዝቶ የሚታየው በአመጋገብ ሕመም በተያዙ ሰዎች ዘንድ ነው።

ከነዚህ ሕመሞች አንደኛው አኖሬክሲያ ኔርቮሳ ሲባል፥ ሕመምተኛው ውፍረትን ከመፍራቱ የተነሣ ምግብን እየተወ ሰውነቱ ይመነምናል። ሁለተኛው ቡሊሚያ ኔርቮሳ ሲባል፥ ሕመምተኛው ያለ ልክ ከበላ በኋላ በማስታወክ፥ በመጾም ወይም ከልክ ያለፈ ስፖርት በመሥራት የበላውን ለማካካስ ይጣጣራል። ለፊተኛው ሕመም በ1873 ዓ.ም. ስሙን ያወጣለት የሎንዶኑ ሐኪም ሰር ዊልያም ገል፥ ሕሙማኑ በአጥንታቸው እስኪቀሩ ድረስ ከስተው ሳለ ዕረፍት የማያውቁ መሆናቸውን አስተውሎ ነበር።

ረኃብና ሩጫ እንዴት ተገናኙ?

የተራበ ሰው ኃይሉን ይቈጥባል እንጂ አያባክንም የሚል አሳብ ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. ሩተንበርግና ኩዝኔሶፍ የተባሉ ተመራማሪዎች አይጦችን በቀን አንድ ሰዓት ብቻ እያበሉ፥ በቀረው ጊዜ የሚሮጡበትን መንኰራኵር ከቤታቸው አኖሩላቸው። አይጦቹ የሚበሉት ሲያንስ ሩጫቸው እየበዛ ሄደ፤ በመጨረሻም እየከሱ ሞቱ። ከዚህ እንደምንረዳው፥ የረኃብና የእንቅስቃሴ መቈራኘት ከሰውነት አሠራር ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ፥ ሕመምተኛውን «እልኸኛ ነህ» ብሎ መውቀስ ተገቢ አይደለም።

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። ምግብ ያጣ ልብ ምቱ ይዘገያል፤ በማስታወክ ምክንያት በደም ውስጥ ያለው ፖታስየም ሲጐድል ደግሞ ልብ በድንገት ሊቆም ይችላል። በሴቶች የወር አበባ ይቋረጣል፤ አጥንት ይሳሳል፤ የሳሳው አጥንትም ከሩጫ ብዛት ይሰነጠቃል።

የሚመዘነው ሰዓቱ ሳይሆን አሳቡ ነው

እንግዲህ ጤናማው ከሕመሙ የሚለየው በምንድን ነው? በሰዓት ብዛት ብቻ አይደለም። አንድ የእግር ኳስ ተጫዋች በቀን ሁለት ሰዓት ቢለማመድ፥ በሥራው ደስ ከተሰኘ፥ ጠግቦ ከበላና ሲታመም ካረፈ፥ የሚያሰጋው ነገር የለም። ሌላይቱ ግን አርባ ደቂቃ ብቻ ስትራመድ፥ ያን ሳታደርግ ብትቀር እህል መቅመስ የማይገባት መስሎ ከታያት፥ ሕመሙ በእግሯ ሳይሆን በአሳቧ ውስጥ ነው።

ይህን ስውር አሳብ ለመመዘን፥ ታራኒስ፥ ቱዊዝና ሜየር የተባሉ ሊቃውንት በ2011 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ቋንቋ 24 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አሳተሙ። መላሹ ለያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። ጥያቄዎቹም አምስት ነገሮችን ይመረምራሉ፤ እነርሱም እንቅስቃሴ ሲቀር የሚመጣውን ጸጸትና ጭንቀት፥ ክብደትን ለመቀነስ ብቻ መሥራትን፥ ስሜትን ለማረጋጋት መሥራትን፥ በሥራው ደስታ ማጣትን፥ እንዲሁም ከተወሰነው ልማድ ፈቀቅ አለማለትን ነው።

መጠይቁ በእስፓንኛ

እስፓንኛ ከእስፓኝ እስከ ሜክሲኮና አርጀንቲና፥ በአፍሪካም በኢኳቶሪያል ጊኒ የሚነገር ታላቅ ቋንቋ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን መጠይቅ ለዚህ ሕዝብ ለማቅረብ ቃሉን በቃል መለወጥ ብቻ አይበቃም። ለምሳሌ «ኩልፓ» የሚለው የእስፓንኛ ቃል ጸጸትንም ጥፋትንም ያመለክታል። «ኤኸርሲሲዮ» የሚለውም የሰውነት እንቅስቃሴ እንደ ሆነ ሁሉ የትምህርት ቤት መልመጃም ነው። ስለዚህ ትርጉሙ ከተሰናዳ በኋላ፥ ሕሙማኑን ከጤነኞቹ በእውነት የሚለይ መሆኑ በሰዎች ላይ መፈተን አለበት።

ይህን ፈተና በባርሴሎና አጠገብ ባለው በቤልቪጅ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚሠሩ ሊቃውንት ከሌሎች ጋራ ሆነው ፈጽመው በ2016 ዓ.ም. አሳትመውታል። 157 የአመጋገብ ሕሙማንና 128 ጤነኞች ለጥያቄዎቹ መልስ ሰጡ፤ የሕሙማኑም ነጥብ ከጤነኞቹ በልጦ ተገኘ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሐኪሙ «ስንት ሰዓት ትሠሪያለሽ?» ብሎ ብቻ ቢጠይቅ የማያገኘውን ምሥጢር፥ በሕመምተኛይቱ በገዛ ቋንቋዋ ተጠይቆ ያገኘዋል። በእኛም ቋንቋ እንዲህ ያለ መጠይቅ ለማዘጋጀት የሚነሣ ሰው በዚሁ መንገድ ማለፍ ይገባዋል።

ለወላጆችና ለመምህራን

ልጃችሁ ትኵሳት ይዟት ወይም እግሯ ቈስሎ ሳለ መሮጥን ባትተው፥ በሌሊት ተሸሽጋ ብትሠራ፥ ስትከለከልም ብትጨነቅ፥ ምግብንም በስፖርት የምትከፍለው ዕዳ ብታደርገው፥ ነገሩን ቸል አትበሉት። ይህ በወንዶች ልጆችም ላይ ይደርሳልና እነርሱንም አስተውሉ። መክሳቷን አታወድሱ፤ በቍጣም አትገሥጿት፤ ይልቁንም ሳትሠሪ የዋልሽ ቀን ምን ይሰማሻል ብላችሁ በርኅራኄ ጠይቁ፤ ሳትዘገዩም ወደ ሐኪም ውሰዷት። ሕክምናው ሲሳካ ሰውነቷ በምግብ ከተጠገነ በኋላ፥ እንቅስቃሴውን በሐኪም መሪነት ጥቂት በጥቂት ልትጀምር ትችላለች። የዚያን ጊዜ ስፖርት ጌታዋ መሆኑ ቀርቶ አገልጋይዋ ይሆናል።